«ስንት ሰዓት ሠርቷል?»

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጀልባ ነው። «ኮልፌ ቀራንዮ ተቀምጣ ስለ ጀልባ ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በእኛ ሰፈር ውሃ ማለት በፈረቃ በቧንቧ የሚመጣው ነው። ነገር ግን የእቁብ ገንዘቤ ጣና ላይ ሊንሳፈፍ ወይም ሊሰጥም ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ስለነበር አገባኝ። ጀልባ የማትገዙም ብትሆኑ አንብቡት። ለልጃችሁ ያገለገለ ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይም ጄኔሬተር መግዣ የምታዋጡ ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር የምትኖረው እህቴ አንድ ወንድ ልጅ አላት። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ጀልባ ሲሠራ ኖሯል፤ መጀመሪያ ገመድ አሳሪና ተሳፋሪ ጠሪ ሆኖ፣ በኋላም እየነዳ። ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ያገለገለች ጀልባ ተገኝታለች። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። አራት ዓመቷ ነው፤ ሞተሩ ግን ገና 410 ሰዓት ነው የሠራው። ነገ ቀብድ ካልከፈልን ሌላ ሰው ይወስዳታል» አለኝ። ጥድፊያው ገብቶኛል። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ብዙ ሰው በጀልባ ይሻገራል፤ ለባለ ጀልባ ጥሩ የሥራ ቀን ነው።

ገንዘቡ የሦስታችን ነው። እህቴ ለዓመታት ክፍል እያከራየች ያጠራቀመችው፣ ልጁ ከደመወዙ የቆጠበው፣ የቀረው ደግሞ የእኔ እቁብ። ከጠፋ በእኛ ዕድሜ መልሶ የሚገኝ አይደለም። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። ሚኒባስ መንገድ ላይ ቢቆም ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ጀልባ ሐይቅ መሐል ቢቆም የሚወረድበት የለም። ጣና ደግሞ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሌላ ሐይቅ ነው።

«ቀብድ አትክፈል፤ ጥቂት ቀን ስጠኝ» አልኩት። ቅር ብሎት ስልኩን ዘጋው።

በማግስቱ አጠና ተራ አካባቢ ጋራዥ ወዳለው ጎረቤታችን ሄድኩ። የመኪና መካኒክ ነው፤ ጀልባ ላይ የወጣው አንድ ጊዜ ሐዋሳ ለሽርሽር የሄደ ዕለት ብቻ ነው። «ሞተር ያው ሞተር ነው ሲስተር፤ ይቀመጡ» ብሎ ሻይ አዘዘልኝና ያስረዳኝ ጀመር።

የመኪና ሥራ በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። የጀልባ ሞተር ግን እንደ ጄኔሬተር የሚቆጠረው በሠራበት ሰዓት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ብናሰላው 410 ሰዓት ማለት 20,500 ኪሎ ሜትር ነው። ለመኪና ይህ ገና ልጅነት ነው። ነገር ግን መኪና ቁልቁለት ያገኛል፣ መብራት ላይ ቆሞ ያርፋል። ጀልባ ውሃውን እየገፋ ስለሚሄድ ሁልጊዜ ዳገት ላይ እንዳለ ነው። «ጠዋት ማታ እንጦጦን ሲወጣ የሚውል መኪና ያስቡ» አለኝ። በአግባቡ ከተያዘ፣ ዘይቱ በየ100 ሰዓቱ ከተቀየረለት፣ ፎር ስትሮክ የሚባለው ዓይነት ሞተር ከ1,500 እስከ 3,000 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል። ያልተያዘው በ500 ሰዓትም ሊወድቅ ይችላል።

ከዚያ ወረቀት አወጣና አብረን ሒሳብ ሠራን። ከባሕር ዳር ዘጌ በእንዲህ ያለ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት። በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ 10 ሰዓት ነው። ገበያ የሚቀዘቅዝበትን ጊዜ ቀንሰን በዓመት 40 ሳምንት ብንይዝ 400 ሰዓት ይሆናል። ታዲያ አራት ዓመት የሠራች ጀልባ እንዴት 410 ላይ ቀረች? ወይ ቆጣሪው ይዋሻል፣ ወይ ጀልባዋ ሥራ ፈትታ ቆማ ነበር።

«ቆማ ከሆነማ ሞተሩ አልደከመም ማለት አይደል?» አልኩት።

«እንደሱ አይደለም» አለኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፤ ከዚያ ወዲህም አገሩ በጦርነትና በጸጥታ ችግር ብዙ ስለተፈተነ የቱሪስት ጀልባ ረጅም ጊዜ የቆመበት ወቅት አለ። ሞተር ሲቆም ውስጡ የቀረው ቤንዚን ሙጫ መስሎ ካርቡራተሩን ይዘጋል። ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስበው የፓምፑ ጎማ ይደርቃል፣ ክንፎቹም ተጣጥፈው ይቀራሉ። ዘይት የሸሸው ሲሊንደር ይዝጋል። ይህን ሲለኝ ወዲያው ገባኝ። ስድስት ወር አልጋ ላይ የተኛ ሰው እግሩ አልሠራም፤ አልተራመደም። ሲነሣ ግን አይሸከመውም። እኔ በነርስነት ዘመኔ ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ «ስንት ሰዓት ሠርቷል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «ሰዓቱን እንዴት ሠራው? በቆመበት ጊዜስ ማን ተንከባከበው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱን ደግሞ ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከሞተሩ ላይ መፈለግ ነው።

እህቴንም ካየኋት ቆይቼ ነበርና በአውሮፕላን ባሕር ዳር ሄድኩ። የእህቴ ልጅ አኩርፎም ቢሆን አየር ማረፊያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር የጀልባ ሞተር የሚጠግን መካኒክ መፈለግ ነው። ደላላው «እኔ አመጣላችኋለሁ» ብሎ ነበር፤ እንቢ አልን። ሻጭ ወይም ደላላ የሚያመጣው መካኒክ ደመወዙን ከማን እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው። የራሳችንን ሰው አግኝተን የቀን ዋጋውን ራሳችን ከፈልን።

ሻጩን «ሞተሩን ሳታስነሣ ቀዝቃዛውን ጠብቀን» ብለነው ነበር። ስንደርስ መካኒካችን ገና ሽፋኑን ሳይከፍት እጁን አኖረበት። ይሞቃል። ሻጩ «ለእናንተ ብዬ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» አለ። የደከመ ሞተር ችግሩን የሚያሳየው ጠዋት ከብርድ ሲነሣ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ብዙ ነገር ይሸፈናል። ስለዚህ በዚያን ቀን ሳናስነሣው የሚታየውን ብቻ አየን፤ ማስነሣቱን ለማግስቱ ጠዋት ቀጠርን።

ቆጣሪው በመሪው ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው በፀሐይ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፤ የቆጣሪው መስታወት ግን እንደ አዲስ ያበራል። ቆጣሪ በብሎን የታሰረ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ተፈትቶ ሌላ ይገባል። አንዳንዱም ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ስለሚቆጥር ወይ ያበዛል ወይ ያሳንሳል። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ሰዓቱን ውስጣቸው ባለ ኮምፒውተር ይመዘግቡታል፤ መሣሪያው ያለው ባለሙያ ከተገኘ ስንት ሰዓት በዝግታ፣ ስንት ሰዓት በሙሉ ጉልበት እንደ ሠሩ ሳይቀር ያነበዋል። ይህኛው ባለ ካርቡራተር ነውና ያ ዕድል የለም።

ቀጥሎ እጅና እግር የሚነካካውን አየን። የነዳጅ መስጫው እጀታ ጎማ ጥርሱ አልቆ ልስልስ ብሏል። ነጂው የሚቆምበት ወለል ቀለሙ ተገፎ ጎድጉዷል። በ410 ሰዓት እንዲህ አይሆንም። ሚኒባስ ስትገዙም ይኸው ነው፤ ቆጣሪው 60,000 እያለ የፍሬን መርገጫው ጎማ ካለቀ፣ እመኑ የሚባለው መርገጫውን ነው። ሞተሩ ላይ ያሉት ብሎኖች ደግሞ ጫፋቸው በመፍቻ ተላልጧል፤ በላያቸው ግን አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ተከፍቶ የተጠገነ ሞተር ነው ማለት ነው። መጠገኑ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

መካኒኩ ሦስቱን ካንዴላዎች ፈታ። ሁለቱ ጫፋቸው ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ ይህ ጤና ነው። ሦስተኛው ጠቁሮ በዘይት ርሷል። የሲሊንደሮቹን ግፊት በጌጅ ሲለካ ሁለቱ ተቀራራቢ ሆኑ፤ ሦስተኛው በሩብ ያህል ዝቅ አለ። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ መመሳሰሉ ነው የሚታየው፤ ልዩነቱ ከ10 ወይም ከ15 በመቶ ሲያልፍ ፋሻው አልቋል ወይም ቫልቩ አይዘጋም ብሎ መጠርጠር ነው። በመጨረሻ ታችኛውን የማርሽ ዘይት ጥቂት አፈሰሰው። ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ጤነኛ ዘይት ወተት አይመስልም፤ ውሃ ገብቶበታል። ጎማው ውሃ ያሳልፋል ማለት ነው፤ ከቆየ ማርሹን ይበላዋል።

በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛው ሞተር በስድስተኛው ሙከራ ተነሣ። ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ቢሆን ነዳጅ በዝቷል፤ ሞተሩ ሞቆም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከሆነ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል። ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ መፍሰስ ያለባት የማቀዝቀዣ ውሃም እንደ ሽንት ቤት ቧንቧ ትንጠባጠብ ነበር። ፓምፑ ደክሟል፤ ወይም ጭቃና ሣር ዘግቶታል። ጣና ላይ፣ በተለይ እምቦጭ በወረረው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሚሠራ ጀልባ ይህ ያጋጥመዋል። ውሃዋ ካልፈሰሰች ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል።

ሻጩም ዝም አላለም። «ሞተር እዚህ አገር ከፍታው ያደክመዋል፤ የሁሉም እንዲህ ነው» አለ። ይህስ ግማሹ እውነት ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 40 የተባለው እዚህ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ሲሠራ የነበረ ሞተር ጣና ቢመጣ ደከም ማለቱ አይቀርም። ግን ከፍታ ሦስቱን ሲሊንደሮች እኩል ያደክማል እንጂ አንዱን መርጦ አያጠቁርም። አንድ ሕፃን ብቻ ሲያተኩሰው «አየሩ ሞቃት ስለሆነ ነው» እንደማንለው ማለት ነው።

መካኒኩ ጨርቁን እየጠረገ «ይህ ሞተር ቢያንስ 1,500 ሰዓት ሠርቷል። ካልወረደ አንድ ዓመት አይቆይም» አለ። ትክክለኛውን ቁጥር እሱም አያውቅም። ግን አስፈላጊ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ እህቴ ቤት የተፈጠረውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ልጁ ምግብ አልቀምስም አለ። «የካቲት 16 አለፈኝ። እትዬ ባይመጡ ኖሮ ዛሬ ባለ ጀልባ ነበርኩ። ስድስት ዓመት የሰው ገመድ ሳስር ኖሬ…» ብሎ አልጨረሰውም። እህቴ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው፤ ሥራውን ከእኔ በላይ ያውቃል። የእኔ እቁብ ስላለበት ብቻ ሕይወቱን እያዘዝኩበት ይሆን? ጠዋት ቡና ላይ እንዲህ አልኩት፤ «ልጄ፣ ጀልባውን የምትነዳው አንተ ነህ፤ የምትወስነውም አንተ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። እናትህን በዚያ ሞተር ደቅ ደሴት ድረስ ትወስዳታለህ?» ደቅ ደርሶ ለመመለስ ከአምስት ሰዓት በላይ ውሃ ላይ መዋል ነው። ዝም አለ። ከዚያ ስኒውን አስቀምጦ ተነሣና ሻጩ ዘንድ ደወለ። ጀልባዋ ከዚያ በኋላ ለማን እንደተሸጠች አላውቅም፤ የገዛትን ሰው እግዚአብሔር ይጠብቀው።

የካቲት 16 በእርግጥ አለፈው። በዚያን ቀን እንደ ልማዱ በሰው ጀልባ ሠራ።

ሁለተኛዋን ጀልባ ያገኛት መጋቢት መጨረሻ ላይ ራሱ ነው። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ገፍቶ ሥራ ለማቆም የወሰኑ አባት ናቸው። ቆጣሪው 1,870 ሰዓት ይላል። በስልክ ሲነግረኝ ልቤ ዝቅ አለ። «ግን እትዬ፣ ደብተር አላቸው» አለኝ። የተማሪ ደብተር ነው፤ በየ100 ሰዓቱ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የማርሽ ዘይት፣ ካንዴላ፣ የፓምፕ ጎማ ሁለት ጊዜ መቀየሩ፣ ሁሉም በእጅ ተጽፏል። ሥራ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ቤንዚኑን አፍስሰው በየወሩ ያስነሡት እንደነበር ሰፍሯል። 1,870 ለአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 374 ሰዓት ይመጣል፤ ከእኛ ሒሳብ ጋር ይገጥማል። የሦስቱም ሲሊንደሮች ግፊት ተቀራራቢ ሆነ፤ የማርሽ ዘይቱም ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ሐይቅ ላይ ተሞከረች። ባዶ ጀልባ ሁሉም ይሮጣል፤ ፈተናው ጭነት ነው። ባልተፈተነ ሞተር ሰው መጫን ግን ልክ አይደለም። ልጁ ብልሃት አገኘ። 36 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በውሃ ሞልቶ ደረደረበት፤ 720 ኪሎ፣ የ12 ሰው ክብደት ማለት ነው። በደብረ ማርያም በኩል ወደ ሰፊው ውሃ ወጥተው ከመካኒኩ ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ ነዷት። ማቀዝቀዣ ውሃዋ ሳትቋረጥ ፈሰሰች፤ ማርሹ ወደፊትም ወደኋላም ሳይንኳኳ ገባ፤ በሙሉ ነዳጅ አልተንቀጠቀጠችም። ሲመለሱ ዘይቱን ደግመው አዩት፤ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩንም ፈተሹ።

ሰዓቷ ብዙ ስለሆነ ዋጋዋ ከመጀመሪያዋ ይቀንስ ነበር። ከተረፈው ላይ ለሁሉም ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት ገዛን፤ ከልጅ መጠን ጭምር። የቀረውን «የሞተር ገንዘብ» ብለን በእህቴ ስም ባንክ አስቀመጥነው። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ገንዘባችሁን በሙሉ ለሻጩ አትስጡ። ከአምስት አንድ እጁን ለጥገና ያዙ፤ እንደሚያስፈልጋችሁ አትጠራጠሩ።

እኛንም አስፈልጎናል። ሞተሩን ይህን ያህል ስንመረምር፣ ሞተሩ የተንጠለጠለበትን የጀልባዋን የኋላ ግድግዳ ማንም አላየውም ነበር። በግንቦት ወር ልጁ ሞተሩ ሲወዛወዝ አስተዋለ። ግድግዳው ከውጭ ፋይበር ግላስ ነው፤ ከውስጥ ያለው እንጨት ግን በአንድ በኩል በስብሷል። ሦስት ሳምንት ቆማ ተጠገነች፤ ካስቀመጥነውም ግማሹን በላች። መፈተኑ ቀላል ነበር። የሞተሩን እግር ይዞ ወደላይና ወደታች መጫን፣ ግድግዳው አብሮ የሚተጣጠፍ መሆኑን ማየት። በሳንቲም ማንኳኳት፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድፍን ነው። እናንተ እንዳትረሱት ብዬ ጻፍኩት።

ወላጆች፣ እኛ በዚህ ዕድሜያችን ልጆቻችንን ሞተር ልናስተምር አንችልም፤ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ነገር ግን ልጅ የሚፈልገው ነገር ፊቱ ሲቆም የሚያውቀውን ይረሳል። የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ጭስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን 410 የሚለው ቁጥር ብቻ ታየው። የእኛ ድርሻ ከእቁቡ ገንዘብ ጋር ሁለት ነገር መጨመር ነው፤ የገለልተኛ መካኒክ የቀን ዋጋና ጥቂት ቀን ትዕግሥት። «ነገ ይሸጣል» የሚል ሻጭ ሲመጣባችሁ፣ ይሸጥ በሉ። ሒሳቡን ሳትሠሩ፣ ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳታዩት፣ ጭኖ ሳይፈተን ቀብድ አትክፈሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጁ ፎቶ ላከልኝ። የጀልባዋ መሪ አጠገብ በላስቲክ የተሸፈነ ደብተር ተንጠልጥሏል። የሽማግሌው ደብተር ሞልቶ ስላለቀ አዲስ ጀምሯል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «2,300 ሰዓት፣ ዘይት ተቀይሯል» ይላል፤ በራሱ እጅ ጽሑፍ።